መደርደሪያዬ ላይ የቆየችው የከፍታ መለኪያ

ባለፈው ሳምንት ልጄ ወደ ሱቄ ገብታ ስልኳን አፍንጫዬ ሥር አመጣችና «አባዬ፣ ይሄን ሰውዬ ታውቀዋለህ?» አለችኝ። የአንዲት ነርስ የእጅ ሰዓት ባትሪ እየቀየርኩ ነበር። መነጽሬን አስተካክዬ አየሁ። አንድ ሽበታም ሰው ሳሎኑ ውስጥ ቆሞ ፈገግ ብሏል። ከጀርባው ግድግዳው ላይ ክብ ክብ መለኪያዎች የተደረደሩበት ጥቁር ሰሌዳ ተሰቅሏል። አሮጌ ዕቃ የሚሰበስቡ ሰዎች የሚገናኙበት የቴሌግራም ገጽ ነው አለችኝ። ከፎቶው ሥር «ወጣት መምህር ሳለሁ አሰላ ላይ ከጋሼ ተሰማ ጋር ያደስኩት የጦር ሄሊኮፕተር የመለኪያ ሰሌዳ» የሚል ተጽፏል። ያላደነቀው ሰው የለም።

ጋሼ ተሰማ አባቴ ናቸው። ሽበታሙ ሰው አስናቀ ነው። የእኔ ስም የለም። ስድሳ ሊሞላኝ ጥቂት የቀረኝ፣ ልጅ ድሬ ለልጅ ልጅ የደረስኩ ሰው ነኝ፤ ግን ዐይኔ በቀጥታ ሰሌዳው ላይ በግራ በኩል ወዳለችው የከፍታ መለኪያ ሄደ። «አላውቀውም» አልኳት። አስናቀን ያላወቅኩ ማንን ላውቅ ነው!

ያኔ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር። ከአንድ ፎቶ ቤት ጎን ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ ሰዓት እጠግን ነበር። አሮጌ ነገርም እሰበስብ ነበር፤ የጠረጴዛ ሰዓት፣ እስኪሞቅ የሚጠበቅ ትልቅ ራዲዮ፣ በእጅ የሚዞር ስልክ። አሰላ ውስጥ አሮጌ ዕቃ ወዳድ ማን ነው ቢባል እኔ ነበርኩ፤ ይህችን ማዕረግ ማንም እንዲጋራኝ አልፈልግም ነበር። አስናቀ ከጎጃም ተመድቦ የመጣ የፊዚክስ መምህር ነው። ረጅም፣ ሳቂታ፣ ሰው ባየው ቀን የሚወደው ዓይነት። እኔም መጀመሪያ ላይ ወድጄው ነበር።

ሰሌዳውን ቀድሜ ያየሁት እኔ ነኝ። ይህን ሳልናገር ባልፍ አንጀቴ አይርስም። በገበያ ቀን ጎበሳ ሰዓት ልጠግን ሄጄ፣ አንድ ቆርቆሮ ቀጥቃጭ ደጃፍ ላይ ግድግዳ ተደግፎ አየሁት። ዶሮ ወጥታበታለች። ሰውዬውን ምንድን ነው ብዬ ብጠይቀው «እኔ እንጃ፣ ከቁርጥራጭ ብረት ጋር የመጣ ነው፤ ምድጃ እሠራበታለሁ» አለኝ። የጭነት መኪና ነገር መስሎኝ አለፍኩት። አሰላ ስመለስ ለአስናቀ እንደ ቀልድ አወራሁለት። እሱ አልሳቀም።

«ግማሹ ሰማያዊ፣ ግማሹ ቡናማ የሆነ መለኪያ አለበት?» አለኝ።

«አለበት።»

ያ መለኪያ ለአብራሪ ሰማይና ምድሩን የሚያሳይ መሆኑን ያወቅኩት ኋላ ነው። በሚቀጥለው የገበያ ቀን ብስክሌቱን አውቶቡስ ጣራ ላይ ጭኖ ጎበሳ ወረደ፤ ሲመለስ ብስክሌት የለም፣ በጆንያ የተጠቀለለ ሰሌዳ አቅፏል። ከዚያ ወዲያ ትምህርት ቤት በእግሩ ነበር የሚሄደው። ከተማው ሳቀበት፤ እኔ ግን መሳቅ አቃተኝ። እኔ ዶሮ የቆመችበት ቆርቆሮ ያየሁበት ቦታ ላይ እሱ ሄሊኮፕተር አይቷል።

እዚህ ላይ ስለ አባቴ ልንገራችሁ። አባቴ ደብረ ዘይት አየር ኃይል ውስጥ የአውሮፕላንና የሄሊኮፕተር መለኪያ ቴክኒሻን ነበሩ። ልጅ ሳለሁ የማውቃቸው በፈቃድ ሲመጡና በሚልኩት ደብዳቤ ነው። ሠራዊቱ ሲበተን በአንድ ሻንጣ አሰላ ገቡ፤ እናቴ ከዚያ በፊት ባለው ዓመት ነበር ያረፈችው። ሁለት ወንዶች በአንድ ቤት ቀረን። ጠዋት «ደህና አደርክ»፣ ምሳ ላይ «ጨው አነሰው»፣ በቃ። ስለ ሥራቸው ስጠይቃቸው «ያ አለፈ» ይሉኛል። እሳቸው መለኪያ ሠሪ፣ እኔ ሰዓት ሠሪ፣ ስለ አንዲት የሰዓት ጥርስ እንኳ ተነጋግረን አናውቅም ነበር።

አስናቀ ሰሌዳውን መጀመሪያ ያመጣው እኔ ሱቅ ነው። ጆንያውን ስንፈታ አባቴ በዚያ ሲያልፉ በሩ ላይ ቆሙ። ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«ይሄ የት ተገኘ?»

አስናቀ ነገራቸው። አባቴ ገብተው ተንበረከኩና ጣታቸውን ከአንዱ መለኪያ ወደ ሌላው እያሻገሩ «ይሄ የሮተር ዙር ነው፣ ላዩ ላይ የሚሽከረከረው ክንፍ። ይሄ የዘይት ግፊት። ይሄ የሞተር ሙቀት፤ ቀዩን ካለፈ ልብህ ይቆማል። ይሄ ነዳጅ፤ እሱን አትመነው፣ ውሸታም ነው» አሉ፤ ከዚያ ሳቁ። በዓመት ውስጥ ለእኔ ያወሩት ሁሉ ቢጠራቀም ያን አያክልም። የሚያዩትም አስናቀን ነበር።

ከዚያ በኋላ ቅዳሜ ቅዳሜ እኛ ግቢ፣ ከጽድ ዛፉ ሥር ሆነ ሥራው። አባቴ በርጩማ ላይ ይቀመጣሉ፤ አስናቀ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽና በቤንዚን በነከረው ጥጥ ዝገትና ቅባት ያነሳል። አንድ ቀን ብርጭቆ ወረቀት ይዞ መጣና አባቴ ጮኹበት። «እንዳታስነካው! ቀለሙ የራሱ ነው፤ የተላጠውም የራሱ ነው። ቆሻሻውን ብቻ አንሳለት!» እሱም «እሺ ጋሼ» ብሎ ወረቀቱን ወረወረው። የነፋሱ አቅጣጫ ሲመቸው ከብቅል ፋብሪካው የሚመጣው ሽታ ግቢውን ይሞላዋል፤ በቅቤ የታሸ የገብስ ጩኮ በሰሐን ይቀርባል፣ እርጎ ይጠጣል። እኔ የአጥሩን በር ማጠፊያ የማጠብቅ መስዬ እቆም ነበር። ያ ማጠፊያ ስንት ቅዳሜ ጠበቀ! «ና ቁጭ በል» ቢሉኝ እቀመጥ ነበር። አስናቀስ ብሎኛል፤ እኔ የምጠብቀው ግን የእሱን ግብዣ አልነበረም።

ፋሲካ እንዳለፈ ሁሉም መለኪያ ጸድቶ ቦታው ገባ፤ የቀረች የከፍታ መለኪያዋ ብቻ ናት። መርፌዋ ተጣብቋል። የአባቴ እጅ በዚያ ጊዜ መንቀጥቀጥ ጀምሮ ስለነበር ሊነኳት አልደፈሩም። አስናቀ በመሐረብ ጠቅልሎ ሱቄ አመጣት።

«ጋሼ ለግርማ ውሰድለት፣ ይሄ የእሱ ሥራ ነው አሉኝ።»

«እሳቸው ራሳቸው አይሰጡኝም ነበር? እዚያው ቤት እኮ ነው የማድረው!»

አስናቀ መለኪያዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ሄደ።

ከሰዓት በኋላውን አልፈጀችብኝም። ውስጧ ከሰዓት ብዙም አይለይም፤ ጥርስ፣ ዘንግ፣ ፀጉር የምታክል ጥምጥም ሽቦ፣ ከእነዚህ በተጨማሪ የአየር ግፊት ሲቀንስ የምታብጥ ቀጭን የብረት ቆርቆሮ አለቻት። ዘይቷ ደርቆ ነበር፤ አንዷ ዘንግም ጎብጣለች። አጠብኳት፣ አቀናኋት፣ ከጀርባዋ ባለው ቀዳዳ አየር በአፌ ስስብ መርፌዋ ብድግ አለ። ደስታዬ ልክ አልነበረውም። ተነስቼ ወደ ቤት ልሮጥ ስል ቅዳሜ ምን እንደሚሆን አሰብኩ። አባቴ ይቀበሉኛል፣ ለአስናቀ ይሰጡታል፣ ሁለቱ ጽዱ ሥር ይሳሳቃሉ፣ እኔ ወደ ማጠፊያዬ። ተቀመጥኩ። የጀርባ ክዳኗን እንደተከፈተ ተውኩትና፣ ፊቷን ወደ ደንበኛ አዙሬ መደርደሪያው ላይ አኖርኳት።

በማግስቱ ጠዋት አባቴ መጡ። ሱቄ ገብተው ሲቀመጡ ያ የመጀመሪያቸው ነበር።

«እንዴት ሆነች?»

«አንዲት ጥርስ ተበልታለች፤ ምትክ እየፈለግኩ ነው» አልኩ።

መደርደሪያውን አዩ፣ እኔን አዩ፣ የደንበኛውን ወንበር ስበው ተቀመጡ። ሻይና ቦምቦሊኖ አስመጣሁ። አንድ ሰዓት ያህል ቆዩ። ከሰዓት በኋላም ተመለሱ። በማግስቱም እንዲሁ። ወሬያችን ተራ ነበር፤ የገብሱ አበቃቀል፣ የጎረቤት ሠርግ፣ ከጭላሎ በኩል የሚመጣው ደመና። አንዳንዴም እጄ ሲሠራ ያያሉ። ሲሄዱ ግን መጀመሪያም መጨረሻም የሚጠይቁት ስለ መለኪያዋ ነው፤ እኔም ነገ፣ ከነገ ወዲያ፣ አዲስ አበባ ልኬያለሁ እላለሁ። መዋሸቱ አልከበደኝም። አስናቀ ቅዳሜዎቹ ነበሩት፤ እኔ ሌላውን ቀን ሁሉ ወስጄበታለሁ። አንድ ጊዜ ሱቄ ደጃፍ ሲያልፍ አባቴ ከእኔ ጋር ሻይ ሲጠጡ አይቶ እጁን አወዛወዘ፤ አንገቴን ቀና አድርጌ ሰላም አልኩት። እንደዚያ ሆኜ ከሁለት ወር በላይ ከረምኩ።

ሰኔ መጨረሻ ላይ አስናቀ ዝውውር ደረሰው፤ ባሕር ዳር። ሲነግረኝ ፊቴን ለመደበቅ የሰው ሰዓት ላይ አቀረቀርኩ። በጣም ደስ ስላለኝ በራሴ አፈርኩ። ማፈሬ ግን በማግስቱ ጠዋት «ምትኩ ተገኘ» ብዬ መለኪያዋን ለአባቴ ከመስጠት አልከለከለኝም። ይዟት ይሂድ! ሰሌዳውንም ይዞ ይሂድ!

አባቴ ተቀበሉኝ። ገላበጧትና «ትፈተናለች» አሉ።

ፈተናው ቆላ ወዳለችው ዴራ ወርዶ ሽቅብ መመለስ ነው። ሰሌዳውን በጋቢ ጠቅልለን አውቶቡስ ስንሳፈር ረዳቱ ጣራ ላይ ይጫን አለ። አባቴ «እኔ ጣራ ላይ ልውጣልህ፤ ይሄ ግን ከውስጥ ነው የሚሄደው» አሉት። ዴራ ሙቀቱ ሸሚዝ ያስወልቃል። እዚያ መናኸሪያው ውስጥ አባቴ የመለኪያዋን መዞሪያ ይዘው መርፌውን ዜሮ ላይ አቆሙት። «አብራሪ ከመነሳቱ በፊት መሬቱን ዜሮ ያደርጋል፤ ሲመለስ ዜሮ ካየ ቤቱ ገባ ማለት ነው» አሉት ለአስናቀ። ሽቅብ የሚመለሰው አውቶቡስ ውስጥ ሁለቱ ፊት ወንበር ላይ ሰሌዳውን በጉልበታቸው ይዘው ተቀመጡ። እኔ ቦታ አጥቼ የኋላው ወንበር ላይ ከሽንኩርት ጆንያ ጋር ተጣበቅኩ።

«መቶ ሜትር!» አሉ አባቴ። ትንሽ ቆይተው «ሁለት መቶ!» ከጎናቸው የነበሩ አንድ ሽማግሌ ገበሬ አንገታቸውን አስግገው «ኩን ማሊ?» አሉ፤ ይሄ ምንድን ነው ማለታቸው ነው። አባቴ በኦሮምኛ አስረዷቸው፤ ሽማግሌውም ለኋለኞቹ አስተላለፉ። ከኢተያ ወዲህ አውቶቡሱ ሁሉ ይቆጥር ጀመር። አባቴን እንደዚያ ቀና ብለው፣ ድምፃቸው ጎልቶ አይቻቸው አላውቅም። ጎንዴ አካባቢ ዘወር ብለው ወደ ኋላ ፈለጉኝ። አገኙኝም። እኔ ግን ፊቴን ወደ መስኮቱ፣ ወደ ስንዴው አዞርኩ። አሰላ ስንገባ «ሰባት መቶ ሃምሳ!» ሲሉ ሰው አጨበጨበ፤ መርፌዋን ያነሳት ማን እንደሆነ የጠየቀ አልነበረም።

መናኸሪያው ውስጥ አባቴ ጋሪ ሊጠሩ ቀደም ሲሉ አስናቀ ክንዴን ያዘኝ።

«ግርሜ፣ ሳልነግርህ አልሄድም። ጋሼ ያውቁ ነበር።»

«ምኑን?»

«መሠራቷን። በሁለተኛው ቀን ነው ያወቁት። መደርደሪያው ላይ እያለች መርፌዋ ጠዋት ካዩበት ቦታ ከሰዓት በኋላ ሦስት ጭረት ከፍ ትል ነበር። የአየር ግፊት በቀን ውስጥ ይለዋወጣል እኮ፤ ያልተሠራች ብትሆን ንቅንቅ አትልም።»

እኔ የማውቀው ሰዓት ነው። ሰው ያልነካት መርፌ መደርደሪያ ላይ ሆና ትንቀሳቀሳለች ብዬ እንዴት ልጠርጥር?

«ታዲያ ለምን ዝም አሉ?»

«እኔም ጠይቄያቸው ነበር። ‹እንዲህ ያለ እጅ አየር ኃይል ውስጥም አላየሁም። አትጠይቀው፣ ተወው። እስኪሰጠን ድረስ እዚያ ሄጄ መቀመጡን ወድጄዋለሁ› አሉኝ።»

ሌላ ሰው ቢሆን በደስታ ያለቅስ ይሆናል። እኔ ያን ሰዓት አስናቀን የጠላሁትን ያህል ማንንም ጠልቼ አላውቅም። አንድ ዕድሜ የጠበቅኩትን ቃል አባቴ ተናግረውታል፤ የሰማው ግን እሱ ነው። ቻው እንኳ በወጉ አላልኩትም።

አስናቀ ሰሌዳውን ይዞ ሄደ። አባቴም ሱቄ መምጣት አቆሙ፤ የሚጠይቁት ነገር አልነበረማ። ከዚያ በኋላ ስድስት ዓመት በአንድ ቤት ኖርን። ስንት ጊዜ «አባባ፣ ያውቁ ነበር አይደል?» ልል አፌ ላይ ደርሶ ተመልሷል። እሳቸውም አላነሱት። «ደህና አደርክ»፣ «ጨው አነሰው»፣ እንዲህ እያልን አንድ ቀን ቀበርኳቸው።

ሰው ሠላሳ ዓመት ሙሉ ይቀናል ወይ ብትሉኝ፣ ይቀናል። በሰሌዳው አይደለም፤ ሰሌዳውስ ግድግዳው ላይ ያምራል፣ የተላጠውንም ቀለም አልነካውም። ስሜን መዝለሉም ለአንድ ቀን ነው ያናደደኝ። የማልችለው ሌላ ነው። አባቴ ያን ዓመት በየቅዳሜው ሲያወሩ አጠገባቸው የነበረው እሱ ነው፤ ያሉትን ሁሉ ይዞ ሌላ አገር ተቀምጧል፣ እኔ ደግሞ ከዚያ ሁሉ የደረሰኝ መናኸሪያ ውስጥ በችኮላ የተነገረኝ ያ ብቻ ነው። አስናቀም እንደ እኔ አርጅቷል።

ልጄ ወደ ቤት እንደሄደች ስልኬን አውጥቼ ገጹን ፈለግኩት። መጀመሪያ «መርፌዋን የሠራኋት እኔ ነኝ» ብዬ ጻፍኩ፤ አጠፋሁት። ቀጥዬ «ሁልጊዜ አንተ ብቻ» ብዬ ጀመርኩ፤ እሱንም አጠፋሁት። በመጨረሻ የላክሁት ይህ ነው፦

«አስናቀ፣ ግርማ ነኝ፣ የጋሼ ተሰማ ልጅ። አባቴ ስለ እኔ ሌላስ ምን ብለውህ ነበር?»