ስለ ራስ ፍልጠቴ ያልተናገርኩት

ራሴን የሚፈልጠኝ ከአሥራ አራት ዓመቴ ጀምሮ ነው። መጀመሪያ ከግራ ዓይኔ ጥግ አንድ የሚብለጨለጭ ነገር ይመጣል፤ ቀጥሎ ከማነበው ፊደል ግማሹ ይጠፋል፤ ከዚያ ግራው ጎን ብቻ እንደ እንጨት ይፈለጣል። ሐኪሞች ማይግሬን ነው አሉኝ። እኔ ግን አለቃዬ እለው ነበር፤ ሲጠራኝ ሁሉን ጥዬ ስለምሄድ።

እውነተኞቹ አለቆቼ ያሉት ሶዶ፣ በጸሐፊነት በምሠራበት መሥሪያ ቤት ነበር። ታይፑ ተነስቶ ኮምፒውተር የገባልን ሰሞን ሁሉም ዕድለኛ ነሽ አለኝ። ያ ብርሃን ግን ፍልጠቱን በሳምንት ሁለቴ ይጠራብኝ ጀመር። በግምገማ ላይ አንዱ ተነስቶ "የእህታችን ራስ ምታት ሰኞና ዓርብን ነው የሚመርጠው" ሲል ቤቱ ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ቃለ ጉባኤው ላይ "ሂሱን ተቀብላለች" ተብሎ ተጻፈ፤ የተየብኩትም እኔው ነኝ።

መዳኛዬ አንዲት ትንሽ ክኒን ነበረች፣ ኤርጎታሚን የሚባል ነገር ያለባት። ብልጭልጩ እንደመጣ ሁለት ፍሬ ከዋጥኩ ከአንድ ሰዓት በኋላ ሰው እሆናለሁ። መጀመሪያ ማን እንዳዘዘልኝ እንኳ አላስታውስም። ባዶ ማሸጊያዋን አሳይቶ መግዛት ይቻል ስለነበር ማዘዣ ፈልጌ አላውቅም።

ባለቤቴ ጉኑኖ በምትባል ከተማ መምህር ነበር፤ ቅዳሜ መጥቶ እሑድ ይመለሳል። ቤት የምንኖረው እኔና እናቱ ነበርን። አማቴ ቤተ ክርስቲያናቸው ውስጥ የጸሎት ሴቶችን የሚያስተባብሩ፣ ብዙ የማይናገሩ ሰው ናቸው። ከልጃቸው ጋር በወላይትኛ ያወራሉ፤ እኔ አማርኛ በሚነገርበት ቤት ስላደግሁ ለእኔ ሲሉ በአማርኛ ይታገላሉ። አማርኛቸው ወንድና ሴት አይለይም፤ እኔን "አንተ ልጄ" ነው የሚሉኝ። ደስ ይለኝ ነበር።

የመጀመሪያውን አርግዤ በሦስተኛው ወር ፍልጠቱ ሁለት ቀን ሙሉ ጣለኝ። ክኒኔ አልቃለች። እያለቀስኩ ባዶ ማሸጊያዋን በመሐረብ ጠቀለልኩና "እማዬ፣ ይቺን አሳይተው ይግዙልኝ" አልኳቸው። አማቴ ማንበብ አይችሉም። በዝናብ ወጥተው፣ ገዝተው ተመለሱ። ያን ቀን ሁለት፣ በማግስቱ ሦስት ዋጥኩ። ህመሙ ተወኝ፤ እሳቸውንም መረቅኳቸው። በአምስተኛው ቀን ሆዴን ቆረጠኝና ደም አየሁ።

ጤና ጣቢያ ነርሷ "የወሰድሽው መድኃኒት አለ?" ስትለኝ "የለም" አልኳት። መዋሸቴ አልነበረም፤ ያቺን ክኒን ከመድኃኒት አልቆጥራትም ነበር። ፅንሱ አልተረፈም።

ከወራት በኋላ ለሥልጠና አረካ ሄጄ፣ እዚያ አንድ ፋርማሲ ገብቼ ያንኑ ክኒን ጠየቅሁ። የምትሸጠው ልጅ እጇን ሳትዘረጋ "ነፍሰ ጡር አይደለሽም አይደል?" አለችኝ። ለምን እንደጠየቀችኝ ጠየቅኋት። "ማህፀን ያኮማትራል፤ ለነፍሰ ጡር ክልክል ነው" አለች። ከበሩ ጋር ካለው ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ውሃ አመጣችልኝ። ምን እንደሆንኩ አልነገርኳትም።

በሚኒባስ ወደ ሶዶ ስመለስ፣ መንገዱን ሁሉ፣ ያን የሶዶ ፋርማሲ ሻጭ ስረግመው መጣሁ። ይቺ ልጅ የጠየቀችውን አንድ ጥያቄ እሱ ለምን አልጠየቀም? ስደርስ ደግሞ እርግማኑን ወደ ራሴ አዞርኩት። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ለእኔ ነው። ለባሌ አልነገርኩትም፤ ለእናቱማ ጭራሽ። ሆድ ይፍጀው አልኩ። አማቴ ደግሞ ፅንሱ ከወረደ ጀምሮ ዓይኔን አያዩም ነበር። ምግብ ሲያቀርቡልኝ እንኳ ሳህኑን ነው የሚያዩት። አውቀውብኛል ብዬ ደመደምኩ። ለምስኪን ሴት ባዶ ማሸጊያ አስይዛ የላከች፣ የልጅ ልጃቸውን የገደለች ምራት፤ ምን ብለው ይዩኝ?

በሁለተኛ ዓመቱ እንደገና አረገዝኩ። ደስ አላለኝም፤ ፈራሁ። ማታ ተንበርክኬ አንድ ነገር ቃል ገባሁ፦ ይሄ ልጅ እስኪወለድ ምንም ዓይነት ክኒን በአፌ አይገባም፣ ራሴ ለሁለት ቢከፈልም።

የእርግዝና ክትትል የምታደርግልኝ ነርስ ግን እንዲህ አላለችኝም። ስለ ፍልጠቱ ስነግራት በእርጋታ ዘረዘረችልኝ። ፓራሲታሞል በልኩ መውሰድ ትችያለሽ አለች። ምግብ አትዝለይ፣ ውሃ ጠጪ፣ እንቅልፍሽን ጠብቂ፣ ሲጀምርሽ ጨለማ ክፍል ተኝተሽ ቀዝቃዛ ጨርቅ አድርጊበት። ከዚያ እስክሪብቶዋን አስቀምጣ "አንድ ነገር እንዳትረሺ" አለችኝ፤ "ከለመድሽው የተለየ ራስ ምታት ከመጣ፣ ዓይንሽ ከደበዘዘ፣ ፊትሽ ካበጠ፣ አንድ ቀን ሳታድሪ ነይ።" እሺ አልኳት። ጨርቁን ብቻ ተቀበልኩ። ክኒኑን ያልወሰድኩት ለልጁ ብዬ ይመስለኝ ነበር። አሁን ሳስበው ራሴን እየቀጣሁ ነበር።

አማቴ ከጸሎት ሴቶቹ ጋር ሆነው እሮብ እሮብ ስለ ራስ ምታቴ ጾም ጸሎት ያዙ። ስለ እኔ እየተጾመ እኔ እንዴት ልብላ? ሆዴ እየገፋ አብሬ ጾምኩ። እሮብ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ሲሆን ብልጭልጩ ይመጣል፤ ሐሙስ ሙሉ ቀን ሞቼ እውላለሁ። ሴቶቹም ሐሙስ ሊጠይቁኝ ይመጡና፣ ጠላት እየበረታ ነው ብለው ለቀጣዩ እሮብ ይበልጥ ይበረታሉ። ረሃቡ ህመሙን እንደሚጠራው በአሥራ አምስት ዓመት ልምዴ አውቃለሁ። ግን እንዴት ብዬ ጸሎታችሁ ነው ያመመኝ ልበላቸው? አንድ ቀን ትራሴን ነክሼ፣ ልጄን "ወይ ቶሎ ውጣ፣ ወይ ተወኝ" አልኩት። ይህን በማለቴ ደግሞ ሌላ ሳምንት ሙሉ አለቀስኩ።

ስምንተኛው ወር ገባ። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ያመመኝ ራስ ምታት እሑድ አልለቀቀኝም። ብልጭልጩ አልመጣም። ግራ ጎኔ ብቻ ሳይሆን ግንባሬ በሙሉ ከባድ ሆነ፤ ከጡቴ በታች ቀኝ ጎኔን ይጫነኛል። ሰኞ ለቢሮ ልነሳ ስል ጫማዬ እምቢ አለኝ። የነርሷ ቃል ትዝ አለኝ፤ ግን ህመምን መቻል ከለመድኩ ስምንት ወር ሆኖኛል። አለቃዬ ነው፣ ነገ ይሄዳል አልኩና መጋረጃውን ዘግቼ ተመልሼ ተኛሁ። ባሌን ወደ ጉኑኖ የሸኘሁትም "ለምዶብኝ ነው" ብዬ ነበር።

አማቴ ወደ አራት ሰዓት ገደማ የጎደሬ ሳህን ይዘው ገቡ። ሳህኑን ሳይሰጡኝ ቆሙ። ከሁለት ዓመት በላይ ሸሽተውኝ፣ ያን ቀን ዓይኖቼን ትክ ብለው አዩኝ። አጎንብሰው ቅልጥሜን በአውራ ጣታቸው ጫን አድርገው ለቀቁት። ጉድጓዱ አልሞላም።

"ተነስ" አሉኝ። "ሆስፒታል እንሂድ።"

"እማዬ፣ የድሮው ነው። ይተወኛል።"

"አይደለም። አንተ ሲያምህ ግራ ዓይን ነው የምትይዘው። ዛሬ ሁለቱንም ይዘሃል።"

አያዩኝም ስል የኖርኩት ሴትዮ የማመምበትን ዓይን ሳይቀር ያውቁ ነበር። አልሄድም ብዬ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞርኩ። በር ሲከፈት ሰማሁ፤ ብዙም ሳይቆዩ በባጃጅ ተመለሱ። ነጠላቸውን እንኳ በቅጡ አልለበሱም። ደግፈው አስነሱኝ። ኦቶና ሆስፒታል እስክንደርስ ባጃጇ ጉድጓድ በገባች ቁጥር ራሴን በሁለት እጃቸው ጨምቀው ይይዙ ነበር፤ በወላይትኛ የሚጸልዩት ይሰማኛል።

ሆስፒታል ግፊቴን ለኩና ነርሷ ሌላ ነርስ ጠራች፤ ሽንቴን መረመሩ፤ ከዚያ ሁሉም መሮጥ ጀመረ። እንደ እሳት የሚያቃጥል መርፌ ወጉኝ። ሐኪሙ ይሄ ማይግሬን አይደለም አለኝ፤ በእርግዝና የሚመጣ የደም ግፊት ነው፣ አንድ ቀን ብትዘገዪ ኖሮ አንቀጥቅጦ ይጥልሽ ነበር። "ለራስ ምታቱ የወሰድሽው ነገር አለ?"

"ምንም።"

"ፓራሲታሞልም?"

"ምንም አልወሰድኩም አልኩዎ። የወሰድኩት ያኔ ነው።" ከዚያ አፌ አልዘጋ አለኝ። ክኒኗን፣ አምስቱን ፍሬ፣ አምስተኛውን ቀን፣ አረካን፣ የእሮቡን ጾም፣ ሁሉን ተናገርኩ። አማቴ ራስጌዬ ቆመዋል። ዞሬ ላያቸው አልደፈርኩም። ሐኪሙ እስክጨርስ ታገሠኝ። "በዚያ ክኒን ይሁን በሌላ ምክንያት፣ አሁን ማንም ሊያውቅ አይችልም" አለኝ። "ፓራሲታሞል ግን ይህን ልጅ አይጎዳውም ነበር። መራብሽና መሰቃየትሽ ምን ጠቀመው?" በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ሲባል ሰምቼ አድጌ፣ እኔ በሽታውን እያወራሁ ለካ ሌላ ነገር ነበር የደበቅሁት።

በዚያው ቀን በኦፕራሲዮን ሴት ልጅ ወለድኩ። ከአንድ ኪሎ ተኩል ብዙም አትበልጥም፤ ጭንቅላቷ መዳፌ ውስጥ ይገባል። እንዳይበርዳት በደረት ላይ፣ ቆዳ ለቆዳ ተደርጋ መታቀፍ አለባት ተባለ። እኔ ግፊቱ ገና ስላልወረደልኝ አማቴ ቀሚሳቸውን ፈትተው ደረታቸው ላይ ከተቷት። ሁለት ቀን እንዲያ ሆነው ዋሉ አደሩ። ትኖር አትኖር የሚነግረን አልነበረም።

በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ፣ ባሌ መድኃኒት ሊያመጣ ወጥቶ ሁለታችን ብቻ ነበርን። አማቴ ልጅቷን እያዩ፣ ድንገት "ያ ሰውዬ ጠይቆኛል" አሉ።

"የቱ ሰውዬ?"

"መድኃኒት የሚሸጥ። የዚያን ጊዜ። ለማን ነው አለኝ። ያረገዘ ሰው ከሆነ አይሆንም አለኝ።"

ከትራሴ ቀና አልኩ።

"ለእኔ ነው አልኩት። ሱቁ ውስጥ ሰው ነበረ። የሦስት ወር ሆድ ለሰው አይነገርም፣ የሰው አፍ ፈራሁ። በዚህ ዕድሜ ማን ያረግዛል አልኩት፤ ሳቀ፣ ሰጠኝ። አይሆንም ያለውን ሰምቻለሁ። ግን አንተ በጣም ታለቅስ ነበር።" ልጅቷን በነጠላቸው ሸፈኑ። "እሮብ የምጾመው ለራስ ምታትህ አይደለም። ለዚያ ነው።"

እውነቱን ልጻፍ፤ ለትንሽ ጊዜ ጠላኋቸው። አንዲት "አይሆንም" የምትል ቃል በዝናብ ይዘውልኝ ቢመጡ ኖሮ ልጄ ሁለት ዓመት ይሞላው ነበር። ያ የረገምኩት ሰው ጠይቆ ነበር። ከዚያ ሁለት ዓመት የሳህን ጠርዝ ሲያዩ የኖሩ ዓይኖቻቸው ታወሱኝ። እኔ በአንዱ ክፍል፣ እሳቸው በሌላው፣ አንድ ሬሳ ለየብቻችን ስንሸከም ኖረናል።

ይቅር ብያለሁ ማለት ፈለግሁ፤ አፌ እምቢ አለኝ። ጠረጴዛው ላይ ማንም ያልነካው ዳቦ ነበር።

"ዛሬ እሮብ ነው እማዬ" አልኳቸው። "ይብሉ።"

"አንተስ?"

"እኔም እበላለሁ።"

ዳቦውን ለሁለት ቆረስኩት። ልጅቷ እንዳትነቃ ቀስ እያሉ ያኝኩ ጀመር።