ባሏን ያማሁባት ገጣሚ

ነርስነት ለመማር የቀረኝ አንድ የእንግሊዝኛ ኮርስ ነበር። እሱን ካላለፍኩ ሌላ ዓመት ልጠብቅ ነው። ለማለፍ ደግሞ ክፍሉ ፊት ቆሜ የአንድ ጸሐፊ ሕይወት መናገር አለብኝ። መምህሯ ዕጣ ስታስወጣን ለእኔ የደረሰችኝ ከመቶ ሃምሳ ዓመት በፊት የኖረች አየርላንዳዊት ገጣሚ ሆነች።

እዚህ አሜሪካ፣ ቻምበርስ ሮድ የሚባል መንገድ ላይ ካለው ቤታችን ወደ ቤተ መጻሕፍት ተመላለስኩ። ያገኘሁት አንድ ቀጭን የግጥም መጽሐፍ ብቻ ነው። ስለ ላሞቿ፣ ስለማያባራ ዝናብ፣ ስለ ጎረቤቶቿ ሐሜት ትጽፋለች፤ ወደድኳት። መግቢያው ማንን እንዳገባች ይነግርና ያበቃል። ከዚያ ወዲያ በስሟ አንድ መስመር አጣሁ። ባልየው ላይ ደሜ ፈላ፤ ንግግሬን በንዴት ጻፍኩት።

ቅዳሜ ጠዋት ሳሎን ውስጥ ለባለቤቴና ለአሥራ ሁለት ዓመቷ ልጄ ተለማመድኩ። "ባሏ ብዕሯን ቀማት" የሚለው ላይ ስደርስ ዕንባዬ መጣ። ሳምንቱን ሙሉ ኮሜርስ ሲቲ በሚባለው ከተማ መጋዘን ውስጥ ሲሠራ የከረመው ባለቤቴ ሶፋው ላይ ተሸማቀቀ። እሱ ምን አጠፋ!

ልጄ ግን "ማሚ፣ ዌይት። ስታገባ ላስት ኔሟን ቼንጅ አድርጋ ቢሆንስ?" አለች።

ክው አልኩ። እኛ ዘንድ ሴት ልጅ አገባችም አላገባችም በአባቷ ስም ነው የምትጠራው። እኔም አሜሪካ ስንት ዓመት ኖሬ ይኸው የአባቴን ስም እንደያዝኩ ነኝ። በባሏ ስም መፈለግ በሕልሜም አልመጣልኝ።

ልጄ ኮምፒውተሩ ላይ በባሏ ስም ፈለገች። አሥራ አንድ ልብ ወለድ! የአንደኛው መታሰቢያ ደግሞ ረቂቋን ሁሉ በእጁ ለገለበጠላት ለባሏ ነው።

"በይ ሰውየውን ይቅርታ ጠይቂው" አለ ባለቤቴ፣ ደረቱን ነፍቶ።

የቸኮለ አፍሶ ለቀመ፤ ንግግሩን እንደ አዲስ ጻፍኩ። ሰኞ ክፍሉ ፊት ቆሜ ከስህተቴ ጀመርኩ። መምህሯ እስክታለቅስ ሳቀች። አለፍኩ፤ ደስታዬ ወሰን አልነበረውም።

ለነርስነቱ ልመዘገብ ልጄን ይዤ ሄድኩ። ቅጹ ከዚህ በፊት የተጠራሁበት ሌላ ስም እንዳለ ይጠይቃል። "የለም" ብዬ ሞላሁ፤ ከላይ የአባቴን ስም በትልልቁ ጽፌያለሁ።

ልጄ በትከሻዬ በኩል አጮልቃ አየችና "ማሚ፣ አንቺን ሰርች ማድረግ ኢዚ ነው" አለችኝ።