ጎርፉ የማይሰማበት ቤት

ትናንት ከሰዓት በኋላ፣ በእኛ በሮቢት ዝናብ ጠብ ሳይል ከተራራው የወረደው ጎርፍ ሲያጓራ በከባድ መኪኖች ጩኸት መሀል ሰማሁ። ዶማዬን ይዤ ወደ ማሳው ስሮጥ፣ ከሞተች ዓመታት ባለፏት አያቴ በእማ ፋጡማ እየተናደድኩ ነበር።

በደርግ ጊዜ ሰዉ ሁሉ ከየማሳው ተነሥቶ መንገድ ዳር በአንድ መንደር እንዲሰፍር ታዘዘ። እሷም እንደ ሰዉ ጎጆ ቀለሰች። እኔ ትምህርት ቤት ቀረበልኝ ብዬ ስፈነድቅ፣ ፍየሎቿን አስገባችበትና እኔን እየጎተተች ወደ አሮጌው ቤቷ ተመለሰች።

የቀበሌው ሊቀመንበር ላብ በላብ ሆኖ መጣ።

«እማ ፋጡማ፣ ያን ቤት የሠሩት ለፍየል ነው?»

«ሥሪ አላችሁኝ፣ ሠራሁ። ወላሂ አልገባበትም። እዚያ ሆኜ ጎርፉ ሲመጣ አልሰማም። ማን ወደ ማሳዬ ይመልስልኛል፣ አንተ?»

ሰውዬው ላቡን እየጠረገ ሄደ። እኔ ግን ተነጫነጭኩባት። ጓደኞቼ ሁሉ መንደሩ ገብተው እኔ ጎርፍ ለመስማት ልቀር?

«የኛ ዝናብ እሱ ነው» ብላኝ ጎርፉን ወደ ማሳዋ የምታስገባበትን ቦይ ልትጠርግ ወጣች። ዘጠና ዓመት አልፏት እስክትሞት እዚያው ኖረች። ጎርፍ አምልጧት አያውቅም።

እኔ የምኖረው ያኔ ፍየሎቿ ባደሩበት ቦታ ነው። ትናንት ማሳው ስደርስ ጎርፉ ሳያጠጣው አልፎ ሄዶ ነበር።