ነፋስ የቀደደው ቅጠል

ባለፈው እሑድ ቤቲ ፌስታል አንጠልጥላ መጣችና ገና ስትፈታው የብል መድኃኒት ሽታ ቤቱን ሞላው። ይህን ሽታ አልወደውም። ሳጥን ውስጥ ተቆልፎ የከረመ፣ ሰው እንዲያየው ተሠርቶ ሰው ሳያየው የኖረ ነገር ይሸተኛል። ቤቲ የአክስቴ ልጅ የሰብለ ልጅ ናት፤ እዚሁ ዲላ ዩኒቨርሲቲ ተምራ ዘንድሮ ልትመረቅ የደረሰች፣ ስልኳ ከእጇ የማይለይ፣ ከእናቷ በቀር ነገሯ ሁሉ ደስ የሚለኝ ልጅ።

«አክስቴ፣ ይኼን እማዬ በልጅነቷ ነው የሠራችው» አለችና ወደ ቢጫ የሄደ የዳንቴል ጨርቅ ዘረጋችልኝ። «ለምርቃቴ ጠረጴዛ ላይ እናነጥፈዋለን። አጥበሽ በስኳር ውኃ አድርቂልን። ከአንቺ ሌላ የሚያውቅበት የለም አለች።»

«አለች?» አልኩ።

ዳንቴሉን ተቀብዬ መኪናዬ ላይ አነጠፍኩት። መኪና የምለው የልብስ ስፌት መኪናዬን ነው፤ መናኸሪያው አጠገብ የሱሪ እግር እያሳጠርኩ፣ የተማሪ ዩኒፎርም እየጠጋገንኩ የኖርኩባት። ዓይኔ ከማየቱ በፊት ጣቴ አወቀው። ዙሪያውን የእንሰት ቅጠሎች ወደ መሀል ጎንበስ ብለው ይሄዳሉ፤ በአንደኛው ጥግ ያለው ቅጠል ግን በወፍራም የልብስ ክር፣ በማያምር ጥልፍልፍ፣ ከጫፉ እስከ ወገቡ ተሰፍቷል። እኔ ስሠራው ያ ቅጠል አልተሰፋም ነበር።

እናቴ ስትሞት አባቴ ከሸዋ ወደ ዲላ ለእኅቱ ላከኝ። እትዬ ዘነበች ከባሏ ጋር ለንግድ መጥታ፣ ወደ ይርጋጨፌ የሚወስደው አስፋልት ዳር የክርና የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ የከፈተች፣ ባሏም ሲሞት ሱቁን ብቻዋን ያቆመች ጎበዝ ሴት ነበረች። ሙት ወቃሽ አያድርገኝ እላለሁ፤ ካልኩ በኋላ ግን እወቅሳለሁ። በሕይወት ሳለች አንቱ ነበር የምላት፤ ዛሬ አንቺ ብላት የሚቆጣኝ የለም።

አልመታችኝም፤ ይህን ልመስክርላት። አላስራበችኝም፤ ትምህርት ቤትም ልካኛለች። የእሷ ዱላ ሌላ ነበር። ማታ ሱቁ ተዘግቶ እግሯን ለብ ባለ ውኃ ነክራ ስትቀመጥ እኔ ከፊቷ ዱካ ላይ እቀመጣለሁ፤ ጥያቄውም ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «እስቲ፣ ዛሬ ምን ተደረገልሽ?» ቁርስ በላሁ፣ ምሳ በላሁ፣ ጫማዬ ተጠገነልኝ፣ የሰብለ አሮጌ ሹራብ ተሰጠኝ እያልኩ እቆጥራለሁ፤ ጨርሼ ጉልበቷን እስማለሁ፤ እሷም «ተመስገን በይ፤ ምስጋና የማያውቅ ሰው አያድግም» ብላ ታሰናብተኛለች። አንድ ቀን አዲስ የተደረገልኝ ነገር አጥቼ «ዛሬ ዝናብ ዘነበልኝ» ብላት፣ ቆርቆሮውን ቀና ብላ አየችና «ከሱ በታች ማን ያስጠለለሽ መሰለሽ?» አለችኝ። የኔ እኩያ የሆነችው ልጇ ሰብለ አልጋው ላይ ተጋድማ ማስቲካ እያኘከች ትሰማለች እንጂ እሷን ምን ተደረገልሽ ብሎ የሚጠይቃት አልነበረም። እንግዳ ሲኖር ደግሞ ጥያቄው በቀንም ይመጣል፤ እኔም ትሪ እንደያዝኩ፣ እንደ ፊደል ቆጣሪ፣ አንድም ሳላስቀር እወጣዋለሁ።

ከጓሯችን አጥር ወዲያ የእማማ ማርታ እንሰት ነበር። እማማ ማርታ የጌዴኦ ሴት ናቸው፤ የዲላ መሀል ከተማ ሆኖም ጓሯቸው እንደ ገጠር ነበር፤ ቡናው ከእንሰቱ ሥር፣ እንሰቱ ከአቮካዶው ሥር፣ ሁሉም አንዱ ባንዱ ጥላ ሥር ያደገ። በተሰነጠቀ ቀርከሃ እንሰት ሲፍቁ ድምፁ ከማድ ቤታችን ይሰማኛል፤ ቆጮው ሲብላላ የሚያወጣውን ሽታ እትዬ ዘነበች አፍንጫዋን ይዛ ትራገማለች፤ ለእኔ ግን እስከ ዛሬ የእረፍት ሽታ ነው። አማርኛቸው ለሴቱም ለወንዱም አንተ ነበር። አጥሩ ጋ ውኃ ልደፋ ስወጣ ቀርከሃውን ያስቀምጡና «አንተ ልጅ፣ ዛሬ ምን አየህ?» ይሉኛል።

መጀመሪያ ጥያቄው የእትዬ ዘነበች ጥያቄ መስሎኝ ቁርስ በላሁ፣ ምሳ በላሁ ማለት ጀመርኩ። እማማ ማርታ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። «ምን በላህ መቼ አልኩ? ሆድህን ተወው። ዓይንህ ምን በላ?» አሉኝ። የማየው ነገር አልነበረኝም። ማሰሮ፣ አጥር፣ ጭቃ። «ሂድና አይተህ ና፤ ስታይ እይ ብቻ፣ ሌላ ሥራ አትሥራ» ብለው ወደ መፋቃቸው ተመለሱ። እኔም ከዚያ ቀን ጀምሮ፣ ለእሳቸው የምነግረው እንዳላጣ ብዬ፣ ማየት ጀመርኩ። ዝናብ ሲመጣ ድምፁ መጀመሪያ አቮካዶው ላይ፣ ቀጥሎ እንሰቱ ላይ፣ መጨረሻ የኛ ቆርቆሮ ላይ እንደሚደርስ አየሁ። አዲስ የእንሰት ቅጠል እንደ ጧፍ ተጠቅልሎ ወጥቶ ቀስ እያለ እንደሚፈታ አየሁ። የቡናው ፍሬ ከመቅላቱ በፊት ጉንጩ ላይ ብቻ ቀላ እንደሚል፣ ልክ ሰብለ ስትዋሽ እንደምትሆነው፣ አየሁ። ይህን ስነግራቸው እማማ ማርታ ሳቃቸው አልቆም ብሎ መፋቂያው ከእጃቸው ወደቀ። ደህና ነገር ያየሁ ቀን ከእንሰቱ ጭረት የሚወጣውን ቃጫ፣ ከታጠበው ውስጥ ነጩንና ቀጭኑን መርጠው አጥሩ ላይ ያንጠለጥሉልኛል፤ እኔም በዚያ እየገመድኩ እጄን አፍታታለሁ።

ዳንቴል መሥራት የለመድኩት ትምህርት ቤት ነው፤ ያኔ ኪሮሽ ያልያዘች ልጃገረድ አልነበረችም፤ ሬዲዮ ልብስ ነበረው፣ ወንበር ልብስ ነበረው፣ የውኃ ማሰሮም ልብስ ነበረው። ሁላችን የምንሠራው ሞዴል ግን አንድ ነበር፤ ጽጌረዳና ጣዎስ፤ ጣዎስ ያየ ሰው ዲላ ውስጥ ባይኖርም። መንግሥት ከተለወጠ ጥቂት ዓመት አልፎ፣ እኔ አሥራ ስድስት ዓመት ግድም በሆነኝ ክረምት ላይ፣ ከሱቁ በተረፈ ክር የራሴን ሞዴል ጀመርኩ፤ የእማማ ማርታን እንሰት። አልሆን እያለኝ ፈታሁ፣ ሠራሁ፣ ፈታሁ። ቅጠሎቹ ያምራሉ ግን ሞተዋል። በኋላ ከባድ ነፋስ የነፈሰ ቀን ማግሥት አጥሩ ጋ ብሄድ እንሰቱ ሁሉ ተሸነታትሯል። አዘንኩላቸው። እማማ ማርታ ግን የተቀደደውን ቅጠል በመዳፋቸው እየዳሰሱ «እሱ ነው ያዳነው» አሉኝ። «ቅጠል እንቢ አልቀደድም ቢል ነፋስ እንሰቱን ከነሥሩ ይነቅላል። አየህ?»

አየሁ። ገብቼ በጥጉ ያለውን ቅጠል ከጫፉ እስከ ወገቡ ቀድጄ፣ የቀዳዳውን ጠርዝ በቀጭኑ ለቅሜ ጨረስኩት፤ ያን ጊዜ ዳንቴሉ በሙሉ ነፋስ ገባበት። በስኳር ውኃ ነክሬ አድርቄ ሬዲዮው ላይ አለበስኩት፤ ጉንዳኑም ከሰው ቀድሞ አደነቀውና ለሳምንት ሬዲዮው ላይ ሰልፍ ያዘ። በሕይወቴ ሠራሁት ብዬ የቆምኩበት ሥራ እሱ ነው። እትዬ ዘነበች አየችውና «ክሩስ የማን ነው?» ብላ አለፈች።

በዚያው ሰሞን በከተማው ለልጃገረዶች የእጅ ሥራ ማስተማሪያ የከፈቱ ወይዘሮ ንግሥት የሚባሉ ሴት ነበሩ። እጇ የሚያምር አንዲት ልጅ ወስደው፣ አስተምረው፣ መኝታና ደሞዝ ሰጥተው አስተማሪ ሊያደርጓት እንደሚፈልጉ ከተማው ሁሉ ያውቃል። እኔም ሰምቻለሁ፤ ሌሊት ሌሊት የዚያ ቤት በር እንዴት ያለ ይሆን እያልኩ አስባለሁ። አንድ ቀን ክር ሊገዙ መጥተው ሻይ ጠጡ ተብለው ወደ ውስጥ ሲገቡ ዓይናቸው ሬዲዮው ላይ ተተከለ። እኔ ትሪ ይዤ በሩ ላይ ነበርኩ።

«ይኼን ማን ሠራው?»

«ልጄ ናት» አለች እትዬ ዘነበች፤ ዓይኗ እንኳ ሳይርገበገብ። ሰብለ ቀና አለች። ጉንጯ ቀላ።

ወይዘሮ ንግሥት መነጽራቸውን አድርገው ጎንበስ አሉ። «እንዲህ ያለ ሞዴል አይቼ አላውቅም። ይኼኛው ቅጠል ግን ለምን ተቀደደ?»

ሰብለ ትንሽ አሰበችና «ተሳስቼ ነው፤ እሰፋዋለሁ» አለች።

ሴትየዋ ዞረው እኔን፣ ይልቁንም ትሪውን የያዙ ጣቶቼን፣ ትክ ብለው አዩ። «አንቺስ የኔ ልጅ፣ እጅ ሥራ ትሞክሪያለሽ?»

ቃሉ ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። ነፋስ ነው የቀደደው ማለት ብቻ ነበረብኝ፤ ሌላው በራሱ ይመጣ ነበር። ግን እትዬ ዘነበች ፈገግ ብላ፣ በዚያ ለእንግዳ በምታወጣው ለስላሳ ድምፅ፣ ቀደመችኝ፤ «እስቲ ለወይዘሮ ንግሥት ንገሪያቸው፤ እዚህ ቤት ምን ያልተደረገልሽ ነገር አለ?»

አፌም ተከፈተ። ቁርስ ይሰጠኛል፣ ምሳ ይሰጠኛል፣ እማራለሁ፣ ልብስ ይገዛልኛል፣ ተመስገን። አንድም ሳላስቀር ቆጠርኩ። ለስንት ዓመት ያጠናሁት ነገር ሌላውን ቃል ሁሉ ገፍቶ ወጣ። ወይዘሮ ንግሥት «ጨዋ ልጅ ናት» ብለው ሻያቸውን አነሡ። በማግሥቱ ሰብለ ሻንጣዋን ይዛ ወደ እጅ ሥራ ቤቱ ሄደች፤ ከመሄዷ በፊት የተቀደደውን ቅጠል በሱሪ ክር ሰፍታ ዳንቴሉን ሻንጣዋ ውስጥ ከተተችው። ዓመትም ሳትሞላ የገደብ ከተማ ቡና ነጋዴ አግብታ ኪሮሹን ጣለችው። ቦታው ግን ከዚያ ወዲያ ለሌላ ሰው ነበር፤ ለኔ አልተመለሰም።

ወይዘሮ ንግሥት የመጡበት ቀን ማታ ውኃ ልደፋ ስወጣ እማማ ማርታ «ዛሬ ምን አየህ?» አሉኝ። «ምንም» አልኳቸው። በማግሥቱም ምንም። ከዚያ ውኃውን በወዲያኛው በር መድፋት ጀመርኩ። ኪሮሹንም ዳግም አልያዝኩትም፤ ለእትዬ ዘነበች ቤት አንዲት ቋጠሮ አልጨምርም ብዬ ነበር፤ እልኬ እሷን የሚጎዳት መስሎኝ። እማማ ማርታ አልተቀየሙም። በማድ ቤቱ መስኮት ሳይ ነጭ ቃጫ አጥሩ ላይ ተንጠልጥሎ አያለሁ። አልወስደውም። ዝናብ መትቶት ሲጠቁር አዲስ ይሰቅሉበታል፤ ያም ይጠቁራል። ቆይቶ ይርጋጨፌ አንድ ልብስ ሰፊ ዘንድ ሥራ አግኝቼ ስሄድ እሳቸውን አልተሰናበትኩም፤ እትዬ ዘነበችን ግን ጉልበቷን ስሜ፣ የተደረገልኝን ሁሉ ቆጥሬ፣ አመስግኛት ሄድኩ። ምስጋናዬን ሁሉ ለማይገባው ሰው ቆጥሬ ጨርሼ፣ ለሚገባው ሲደርስ እጄ ባዶ ነበር። ስመለስ እንሰቱ ተቆርጦ፣ ቡናው ተነቅሎ፣ መሠረት እየተቆፈረ ነበር። እማማ ማርታን ልጃቸው ወደ ዘመዶቻቸው አገር ወስዷቸው እዚያው አርፈዋል አሉኝ። ዛሬ በቦታው ባለ ፎቅ ፔንሲዮን ቆሟል፤ መግቢያው ላይ የፕላስቲክ ዘንባባ አለ። ነፋስ አይቀደውም።

ይህን ሁሉ ለቤቲ አልነገርኳትም። እሷ ስልኳን እያየች ስለ ሥልጠና ታወራልኝ ነበር፤ ግቢያቸው ውስጥ አንዲት አሠልጣኝ መጥታ፣ ሰው ራሱን ለማሳደግ ማታ ማታ ሦስት የሚያመሰግንበትን ነገር ማሰብ አለበት፣ ያለበትን ቅጽበት ማስተዋል አለበት፣ በእጁም የሆነ ነገር መፍጠር አለበት ብላ አስተማረቻቸው። «አንቺስ አክስቴ፣ ማንን ታመሰግኛለሽ?» አለችኝ።

«ማርታን» አልኩ። ስማቸውን በድምፅ ካወጣሁት ምን ያህል ዘመን እንደሆነው አላውቅም።

«ማርታ ማናት?»

በዚህ ሠፈር እሳቸውን የሚያውቅ እኔ ብቻ ቀርቻለሁ። ምላጬን አነሣሁና የሰብለን ስፌት ከጫፉ ጀምሬ መበጠስ ያዝኩ።

«ውይ አክስቴ! ቀደድሽው እኮ!»

«አልቀደድኩትም። ሲሠራም እንዲህ ነበር።»

«አንቺ በምን አወቅሽ?»

ቀና ብዬ አየኋት። ልነግራት እችል ነበር፤ አሁን የሚከለክለኝ የለም፤ ማንም ምን ተደረገልሽ አይለኝም። ግን ይህን ቃል ማውጣት ያለባት ሌላ ሰው ናት። «ታጥቦ ሲደርቅ ወስደሽ ለእናትሽ አሳያት» አልኩ። «ይኼ ቅጠል ለምን ተቀደደ ብለሽ ጠይቂያት። የምትልሽን መጥተሽ ንገሪኝ።»

ቤቲ ከሄደች በኋላ ዳንቴሉን ወደ ብርሃን አንሥቼ አየሁት። እንደ ድሮው አልሆነም። ክሩ ከብዙ ዓመት መታሰር የተነሣ ተጨማዶ ቀርቷል፤ ቀዳዳው ተከፍቶም ጠርዙ ተጣብቆ ይመለሳል፤ ላቃናው ኪሮሽ ከጎረቤት ለምኜ ባነሣ ጣቴ አያያዙን ረስቶታል። በሩ ላይ ወጥቼ ቆምኩ። ዝናብ እየመጣ ነበር። የመጣው በቀጥታ ቆርቆሮው ላይ ነው፤ ቀድሞ የሚነካው ዛፍ አልነበረም።

«ዛሬ ምን አየህ?» ቢሉኝ፣ «እማማ፣ የተሰፋ ቅጠል አየሁ» እላቸው ነበር።