ቅዳሜ ለእሳቸው፣ እሁድ ለእሷ

አክስቴ ልብስ ተኳሽ ናት። ዕድሜዋን ከካውያ ጋር የጨረሰች፣ የተጨማደደ ነገር ማየት የማትችል ሴት። ልስማት ስጠጋ እንኳ ከጉንጬ በፊት የምታየው የሸሚዜን ኮሌታ ነው። በዚህ ዓለም የምትሳሳላቸው ሁለት ነገሮች ነበሯት፤ የእሁድ ቅዳሴና እትዬ አዝራር። ሁለቱም ባንድ ጊዜ ከእጇ ወጡ።

እትዬ አዝራር ልብስ ፋብሪካ ውስጥ አዝራር ሲተክሉ ኖረው ጡረታ የወጡ አይሁዳዊት ናቸው። ከአክስቴ ጋር የሚለያያቸው አንድ ስስ ግድግዳ ነበር፤ እዚያ ሲያስነጥሱ እዚህ «ይማርዎ» ይባላል።

እሳቸው ዓርብ ፀሐይ ከጠለቀች ጀምሮ ቅዳሜ እስኪመሽ እሳት አይነኩም፣ መብራት አያበሩም፤ ሰንበታቸው ነው። ሌላ ሰውም «አብሪልኝ» ብለው ማዘዝ አይሆንላቸውም። ስለዚህ አክስቴ ጎራ ትልና ትቀመጣለች።

«ቤቱ ጨለም አላለም?» ይላሉ እትዬ አዝራር፣ ጣሪያ ጣሪያውን እያዩ።

«ጨልሟል እንጂ» ትላለች አክስቴ እጇን አጣጥፋ።

«ብርዱም ብሷል።»

«እሱስ አልተቻለም።»

«አንቺ ክፉ! የእጅሽን ይስጥሽ!»

ይሄኔ ሁለቱም በሳቅ ይፈርሳሉ፤ አክስቴም ተነስታ መብራቱን ታበራለች፣ ምድጃውን ትለኩሳለች። ስንት ዓመት ሙሉ ያንኑ ቀልድ ሲቀልዱ አንድም ቀን አልሰለቻቸው። እኔን ግን ሰልችቶኝ ነበር፤ ዛሬ ብሰማው ምን አለ!

እሁድ ደግሞ ተራው የእትዬ አዝራር ነው። አክስቴ እየተኮሰችለት የምትተዳደርበት አንድ ምግብ ቤት የጠረጴዛ ልብሱን የሚረከበው እሁድ ጠዋት ብቻ ነው፤ ልክ በቅዳሴ ሰዓት። ባለቤቱ ቀድሞ የመጣ ሁሉ ይጨማደዳል ባይ ነው። እና እሷ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ፣ እሳቸው ባለ ጎማ ቅርጫቱን እየገፉ ያደርሱላታል። ስትመለስም በራቸው ላይ ቆመው ይጠብቋታል።

«እሺ፣ ዛሬ ምን ተባላችሁ?»

አንድ እሁድ ስብከቱ ስለ ሁለቱ ታላላቅ ትእዛዛት ነበር፤ አምላክህን በፍጹም ልብህ ውደድ፣ ባልንጀራህንም እንደ ራስህ ውደድ።

«ሁለቱም ከኦሪት ናቸው» አሉ እትዬ አዝራር ኮራ ብለው። «ጌታችሁ ከእኛ መጽሐፍ ነው ያነበበው።»

«ምን ያድርግ፣ አንዱን እዚህ አንዱን እዚያ ጽፋችሁ ስታራርቋቸው ሰብስቦ ጎን ለጎን አስቀመጣቸው።»

«ጎን ለጎን» አሉ እሳቸው፣ ግድግዳውን መታ መታ እያደረጉ። «ይሄስ ጥሩ አድርጓል።»

ከዚያ ልጃቸው መጥቶ ወደ ባሕር ማዶ ወሰዳቸው። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሉ የለ? ጎረቤት ሲርቅ ምን እንደሚባል ግን የነገረን የለም።

አክስቴ እሁድ እሁድ ቅርጫቱን ራሷ መግፋት ጀመረች። ደወሉ ሲደወል ለቤተ ክርስቲያኑ ጀርባዋን ሰጥታ ትሄዳለች። እኔ እሁድ ሆስፒታል ተረኛ ነርስ ነኝ፤ ሥራውን ተይው ብላት «አንቺ ልትቀልቢኝ ነው?» አለችኝ። ዓርብ ሲመሽ ደግሞ ሳታስበው ነጠላ ጫማዋን አጥልቃ ትነሳለች፤ በሩ ጋ ስትደርስ ትዝ ይላትና ተመልሳ ትቀመጣለች። በእትዬ አዝራር ቤት አንድ መካኒክ ገብቷል። አክስቴ ሰላም አትለውም። ሰውየው ምንም አላደረጋትም፤ ጥፋቱ እትዬ አዝራርን አለመሆኑ ነው።

አንድ ረቡዕ እትዬ አዝራር ደወሉ።

«ቅዳሜ እንዴት ነዎት?» አለች አክስቴ።

«ጨለማ ውስጥ ነኛ። ልጄ አበራለሁ ይላል፤ እሱም አይሁዳዊ ነው፣ ለኔ ሲል ሰንበትን እንዲሽር አልፈልግም።»

«ጎረቤት የለም?»

«አለች አንዲት ሴት። አላውቃትም። አንቺስ፣ እሁድ ማን ያደርስልሻል?»

አክስቴ በሩ ጥግ የቆመውን ቅርጫት አየት አደረገች።

«ቤቴ የገባው ሰውዬስ?»

«እሱን እንኳ ይተዉት።»

«ምን አደረገሽ? ባልንጀራህን ውደድ የተባለው ለምንወደው ሰው ቢሆን ኖሮ መች ትእዛዝ ያስፈልገው ነበር? የሚቀጥለው ሳምንት ቅዳሜ እኔ ሄጄ አንኳኳለሁ። ከዚያ በፊት ግን እሁድ አንቺ አንኳኪ።»

እሁድ ጠዋት አክስቴ ነጭ ልብሷን ለብሳ፣ ቅርጫቱን ይዛ የመካኒኩን በር አንኳኳች። ከፈተላት፤ እጁን ግራሶ በልቶታል። አክስቴ ሰው አስቸግራ አታውቅም፤ «አድርስልኝ» ማለት አልሆነላትም።

«ዛሬ እሁድ ነው» አለችው።

«አዎ፣ እሁድ ነው» አላት፤ ቆሞም ያያት ጀመር።

«ያኔ ሳቄ መጣ» አለችኝ ስትነግረኝ። «ለካ እሳቸው ‹ጨለም አላለም?› እያሉ ስንት ዓመት እንዲህ ጠብቀውኛል! ሳቄን ሳልጨርስ እንባዬ ቀደመኝ። ሰውየው ደነገጠ፤ ሰው የሞተብኝ መሰለው።»

ከዚያ እንደምንም ነገሩን ሁሉ ነገረችው። መካኒኩ የጠረጴዛ ልብሶቹን አየ፣ እጁን አየ፣ ወደ ውስጥም ተመለሰ። አክስቴ እምቢ ያላት መስሏት ቅርጫቱን ልታዞር ስትል የቧንቧውን ድምፅ ሰማች። እጁን እየታጠበ ነበር። ደግሞ ደጋግሞ ነው የታጠበው።

ቅርጫቱን እየገፋ መንገዱን ሲያቋርጥ ከኋላው ቆማ አየችው። «ምነው እሳቸው በሆኑ አልኩ» አለችኝ። «አሁንም እላለሁ፤ ይሄ አይወጣልኝም።» ከዚያ ወደ ደወሉ ሄደች።

«ከስንት ጊዜ በኋላ ገብተሽ ምን ብለሽ ጸለይሽ?» አልኳት።

ኮሌታዬን አስተካከለችልኝ።

«ያቺ የማላውቃት ሴት በሯን እንድትከፍትላቸው።»