በፈቃዳቸው የቀሩት መንገደኛ

ይህን ነገር ለባሌ እንኳ አልነገርኩትም። ኪሊማኒ በሚባለው የናይሮቢ ሰፈር ባለው ቤተ ክርስቲያናችን ስለ ንስሐ ሲሰበክ ስንት እሁድ አንገቴን ደፍቼ ሰማሁ፤ አፌን ግን አልከፈትኩም። ዛሬ ለእርስዎ፣ ለማያውቁኝ ሰው እናገራለሁ። ሲሰሙ አይዘኑልኝ።

ናይሮቢ አየር ማረፊያ፣ የመሳፈሪያ በር ላይ እሠራለሁ። ቦርዲንግ ፓስ መቀበል፣ ፓስፖርት ማየት፣ ሲሰድቡኝ ፈገግ ማለት፤ ሥራዬ ይኸው ነው። አንዳንዴ ከመቀመጫው በላይ ትኬት ይሸጣል። ያን ጊዜ በፈቃዱ ለነገ የሚቆይ ሰው እንለምናለን። ከጠፋ አለቃዬ ራሷ መርጣ ታስቀራለች፤ ጩኸቱ ግን የሚወርደው እኔ ላይ ነው።

ያን ቀን ጠዋት የአዲስ አበባው በረራ ላይ አንድ ሰው ተረፈ። በእንግሊዝኛ ለመንኩ፣ በስዋሂሊ ለመንኩ፤ ማንም ቀና ብሎ አላየኝም። አለቃዬ ጠጋ ብላ «ሐራካ! ቶሎ በይ፣ የማይጮህ ሰው ፈልጊ» አለችኝ።

የማይጮህ ሰው አውቅ ነበር። እዚሁ ናይሮቢ፣ ኢምባካሲ ያለ ልጃቸውን ሊጠይቁ መጥተው የሚመለሱ አንድ አባባ ነበሩ። አማርኛዬን ሲሰሙ ደስ ብሏቸው፣ ሳልጠይቃቸው ሁሉን አጫውተውኛል። ባለቤታቸው ሐዋሳ ሆስፒታል ተኝተዋል፤ ሐኪሞቹ ተስፋ ቆርጠዋል፤ ባለቤታቸውም «ዓይንህን ልየው» ብለው መልእክት ልከውባቸዋል። እኔም «እግዚአብሔር ይማርልዎት» ብያቸው ነበር። ታዲያ ይህን ሰምቼ እንዴት ወደሳቸው ሄድኩ? ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይባላል፤ እኛ በር ላይ ግን የሚቀረው ዝም የሚለው ሰው ነው።

አጠገባቸው ቁጢጥ አልኩ። «አባባ፣ ዛሬ ቦታ ጠቦብናል። ለኔ ብለው ነገ ቢሄዱልኝስ?»

ለፈረንጅ እንዲህ ብል ይስቅብኛል። የአገሬን ሽማግሌ ግን በይሉኝታ እንደማስራቸው አውቄ፣ አስቤ ነው ያልኩት። እምቢ ማለት መብታቸው እንደሆነ አልነገርኳቸውም። ለአለቃዬም ሚስታቸው በሞት አፋፍ ላይ መሆናቸውን አልነገርኳትም፤ ብነግራት ሌላ ሰው ትመርጥ ነበር፣ እኔም ከሌላው ሰው ጋር ልጨቃጨቅ ነበር።

በመስታወቱ አሻግረው አውሮፕላኑን አዩት። «ነገ እደርስባታለሁ አይደል ልጄ?»

«ይደርሳሉ» አልኩ። ማን ነግሮኝ? እኔ ማን ሆኜ?

ወረቀት ሰጠኋቸው። በፈቃዴ ቀርቻለሁ ይላል፣ በእንግሊዝኛ። «አንቺ ካልሽ» ብለው ሳያነቡ ፈረሙ።

በማግስቱ በዚያው በር መጡ። ዓይናቸው አብጧል። «ማታ አረፈች» አሉኝ፤ «እስኪመሽ ድረስ ደረሰ ወይ እያለች ነበር አሉ።» በልቤ ሰዓቱን አሰላሁት። ከአዲስ አበባ መኪና ቢይዙ እንኳ ሳይመሽ ሐዋሳ ይገቡ ነበር። ይደርሱባቸው ነበር።

ደንቡ ነው አልልም። አለቃዬ ናት አልልም። እንጀራዬ ነው አልልም። እኔ መረጥኳቸው፤ ስለሚያከብሩኝ፣ ስለማይጮኹ መረጥኳቸው። የልጃቸው ስልክ ቁጥር ኮምፒውተሩ ላይ እያለ፣ እውነቱን ለመናገር አልደወልኩም። ፈራሁ። ይቅርታውንም ከእርስዎ አልለምንም፤ መስጠቱ የእርስዎ አይደለም።

የሚብሰውን ግን ገና አልነገርኩዎትም። ያን የመርዶ ጠዋት በሩ ላይ ያጽናኑኝ እሳቸው ነበሩ። «አንቺ ምን ታደርጊ ልጄ፣ የአውሮፕላን ነገር ነው» ብለው እጃቸውን ራሴ ላይ ጫኑ። «ጌታ ትዳርሽን ይባርክ፤ አብራችሁ አርጁ» ብለው መረቁኝ።

እኔም ያ ሁሉ ሰው እየሰማ፣ ጮክ ብዬ፣ አሜን አልኩ።