ለድንጋይማ ጋይንት መች አነሰን

ጋይንት ለዓለም ባሕር ያበረከተችው ትልቁ ሰው እኔ ነኝ። ዓሣ ነባሪ ሳይቀር ቆሞ ያሳልፈኛል። እውነቱን ካላችሁኝ ግን የምሠራው ፎቅ ላይ፣ መስኮት በሌለው ክፍል፣ ከመስታወት ገንዳ ጋር ተፋጥጬ ነው።

የባዮሎጂ መምህርነቴን ትቼ ከንፋስ መውጫ ልወጣ ስል፣ በዋዜማው ሌሊት አባቴ ምን ልታጠና ነው ቢሉኝ፣ ኮራል ስለሚባለው፣ ባሕር ውስጥ ድንጋይ እየሠራ ስለሚያድገው ፍጥረት አስረዳኋቸው። ሰምተውኝ ሲያበቁ «ለድንጋይማ ጋይንት መች አነሰን?» አሉኝ።

አውስትራሊያ ስደርስ ደግሞ የኢሚግሬሽኑ ሹም ባሕር የሌለው አገር ሰው ስለ ባሕር ምን አገባው አለኝ። ስለ ምሳ አብዝቶ የሚያስበው የራበው ነው አልኩት። አልሳቀም። የአንድ ዓመት ፈቃድ መታልኝ።

አገሩ ይፋጃል፤ የጉና ብርድ ሲናፍቀኝ ማቀዝቀዣ ከፍቼ ጭንቅላቴን እከታለሁ። ዳቦው ጥጥ ነው፤ ቢበሉት ቢበሉት ሆድ አያውቀውም።

ሥራዬ የኮራል እጭ መቁጠር ነው። ከጤፍ ፍሬ የምታንስ ነገር ናት፤ ድንጋይ ላይ ከተለጠፈች ኮራል ትሆናለች፣ ውሃው ከሞቀባት ግን ሳትለጠፍ ትሞታለች። አለቃዬ ፕሮፌሰሩ አስቀድሞ ነግሮኛል፤ ውሃው ሆን ተብሎ ከሚሞቀው ገንዳ የተለጠፈች ካልተገኘች ጥናቱ ይዘጋል፣ የመኖሪያ ፈቃዴም አብሮ።

እኔ ከየገንዳው የወጡትን የድንጋይ ስባሪዎች በየሳህኑ አድርጌ፣ የተለጠፉትን በማይክሮስኮፕ እያየሁ ጮክ ብዬ እቆጥራለሁ፤ ባልደረባዬ ሊን በየሳህኑ የጠራሁትን የመጨረሻ ቁጥር ኮምፒውተር ላይ ትመዘግባለች። ቆጥረን በጨረስን ማግስት ፕሮፌሰሩ ጠራንና ከሞቃቱ ገንዳ አንዲትም የለችም፣ አበቃ አለ።

በየሳህኑ አንድ አንድ በዓይኔ አይቻለሁ ብዬ ተንጨረጨርኩ። ሊን አንገቷን ደፍታ፣

«እነዚያ ሳህኖች ላይ ስትደርስ ቁጥር አልጠራህም። በቋንቋህ ጸሎትህን ብቻ ነው ያደረስከው» አለችኝ።

ያን ጊዜ ገባኝ። አባቴ አውድማ ላይ እህል ሲሰፍሩ የመጀመሪያውን ቁና «አንድ» አይሉትም፤ «በረከት» ይሉና «ሁለት» ብለው ይቀጥላሉ። እኔም ሳላስበው እንደዚያው ስሰፍር ከርሜያለሁ። ብዙ ያለበት ሳህን ቁጥሩ ልክ ነው፤ አንዲት ብቻ ያለችበት ግን ባዶ ተብሏል።

ይህን ስነግራቸው ሦስታችንም ወደ ማይክሮስኮፑ ሮጥን። ፕሮፌሰሩ አጎንብሶ ቆየ፣ ቆየ፣ ከዚያ በተሰባበረ አንደበቱ «በረከት» አለ። ወዲያው ፈቃዴ እንደሚታደስ ነገረኝ። ከዚህ በኋላ ግን እጮቹን ይዤ ጠልቄ የባሕሩ ወለል ላይ የማኖራቸው እኔው ራሴ መሆኔንም ጨመረልኝ።

ለአባቴ ደወልኩ። «እንግዲህ ባሕሩ ተገራልህ» አሉኝ። አዎን አባባ አልኩ።

ዋና አልችልም።